ደሴ ውስጥ ስዕል ማሻሻል ለምትፈልጉ፦ ታፔላ ጻፊውን ጋሼን ልጠቁማችሁ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ያላችሁ፣ እርሳስ ይዛችሁ የምትታገሉ ካላችሁ ይሄን አንብቡልኝ። ሌላው ቢያልፈው አልቀየምም።

34 ዓመቴ ነው። ቀን ቢሮ እውላለሁ፣ ማታ ልጆቼ ሲተኙ እስላለሁ። ለሦስት ዓመት የሳልኳቸው ሰዎች ሁሉ ወንድማማች ነበር የሚመስሉት። ዓይናቸው ግንባራቸው ላይ ወጥቷል፣ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። እጅ መሳል ያቃተው ሰው ሁሉ ኪስ ይስላል፤ ታዘቡ ብቻ። ስልኬ ውስጥ ደግሞ «ሪፈረንስ» (እያየሁ የምስለው) ብዬ ያጠራቀምኩት ፎቶ መዓት ነው። ሴቭ አደርጋለሁ፣ ተመልሼ አልከፍተውም።

አንድ ጊዜ ከፍዬ የሦስት ወር ኮርስ ገብቼ ነበር። የት እንደሆነ ይቅር። የኮፒ ቁልል ሰጡንና «ገልብጡ» ተባልን። ኮፒው የኮፒ ኮፒ ስለሆነ ጥላው ሁሉ ድፍን ጥቁር ሆኗል። አስተማሪው ስልኩን ይጎረጉራል። ብሬም ሄደ፣ ቅዳሜዬም ሄደ።

ጋሼን ያገኘኋቸው ለእህቴ ሱቅ ታፔላ ላሠራ ሄጄ ነው። ዛሬ ሁሉም ባነር ያሳትማል። እህቴ ግን ግትር ናት፣ «በእጅ የተጻፈ ካልሆነ አልሰቅልም» አለች። ከፒያሳ ወደ ሸዋ በር ሲኬድ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት ሥራ ቤታቸው። ከበሩ የሚቀበላችሁ የቲነር ሽታ ነው። ዋጋ ተነጋግረን ልወጣ ስል እጄን አዩና «ትስያለሽ እንዴ?» አሉኝ። የመዳፌ ጠርዝ በእርሳስ ጠቁሮ ነበር ለካ።

ደብተሬን አሳየኋቸው። ዝም ብለው አገላበጡት። አንድም ቃል የለም። ልቤ ወረደ። ከጎረቤት ቡና መጥቶ ነበርና ሲኒውን እያሳዩኝ «እስኪ ይቺን ስትስዪ ልይ» አሉ።

ሲኒ ምን አላት? ሳልኳት። አፏን እንቁላል አስመሰልኩ፣ ጎኗን አወረድኩ፣ ታቿን በቀጥታ መስመር ዘጋሁ። ጋሼ ሳቁ። «አፏን ክብ አድርገሽ ቂጧን በማስመሪያ ጨረስሻት!»

ከዚያ ሲኒዋን አንስተው ዓይኔ ትክክል ያዟት። አፏ ቀጭን መስመር ሆነ። ቀስ እያሉ ዝቅ አደረጓት። መስመሩ ተከፈተ፣ ሞላላ ሆነ፣ እየሰፋ እየሰፋ ሄደ። «አየሽ? ከዓይንሽ ዝቅ ባለ ቁጥር ይከፈታል። ታቿ ከአፏ የባሰ ዝቅ ብሏል አይደል? በመጠን ቢያንስም ከአፏ ይበልጥ መከበብ አለበት።» ሦስት ዓመት ሙሉ ጀበናዬም፣ ድስቴም፣ ባልዲዬም በአየር ላይ ተንሳፍፈው የቀሩበት ምክንያት ይሄ ነበር። 40 ደቂቃ ሙሉ አንዲት ሲኒ ስስል ቡናው ቀዘቀዘ። «አብሽሪ፣ ሌላ ይፈላል» አሉኝ።

እንዲህ ተጀመረና ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ ስሄድ ስምንት ወር ሆነኝ።

ጋሼ የሚያስተምሩት ከሙያቸው እየቀዱ ነው። ባዶ ቦታን ያስረዱኝ በ«ጠ» ነው። ጠ ሦስት እግር አላት፣ በእግሮቿ መካከል ሁለት ክፍተት አለ። ታፔላ ጻፊ እግሮቹን ብቻ ካየ ፊደሏ ታነክሳለች። ሁለቱን ክፍተቶች እኩል ካደረገ ግን እግሮቹ ራሳቸው ይስተካከላሉ። «ሰውም እንደዚያው ነው። ወገቡ ላይ እጁን የያዘ ሰው ስታይ ክንዱን ተይው። በክንዱና በጎኑ መሀል ያለውን ቀዳዳ ሳሊው።» ቤት ገብቼ ሞከርኩት። ወላሂ፣ ክንዱ ሳልለፋ መጣ።

ፊት ላይ ደግሞ ዓይኖቼን ከግንባር አወረዱልኝ። ከአናት እስከ አገጭ ለኩ፣ ዓይን የሚውለው እኩሌታው ላይ ነው። እኛ ፀጉር ያለበትን እንረሳና ወደ ላይ እንሰቅለዋለን። በሁለቱ ዓይኖች መሀል አንድ ዓይን የሚያህል ቦታ ይተዋል። የሰው ሁሉ መልክ እንደዚህ ልክ ነው ማለት አይደለም። ግን ልኩን ካወቃችሁ ሞዴላችሁ በምን እንደሚለይ ይታያችኋል። መለኪያው እርሳሱ ራሱ ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ፣ ክርን ሳይታጠፍ፣ አንድ ዓይን ተጨፍኖ።

ላጲስ ከመግዛቴ በፊት የሰጡኝ የዳቦ ልብ ነው። በከሰል ስትስሉ ብርሃን ማውጣት ከፈለጋችሁ የዳቦውን ነጭ አድቦልብላችሁ ትጫኑታላችሁ እንጂ አታሹትም። ድሮ ላጲስ ሳይኖር ፈረንጆቹም በዳቦ ነበር የሚያጠፉት። ቅቤ ወይ ዘይት የነካው ዳቦ ግን ወረቀቱን ያበላሻል፤ ይሄን በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት።

አሁን ስለ ሪፈረንስ። ጋሼ አንድ ወፍራም ክላሰር አላቸው። የቀን መቁጠሪያ ቅዳጅ፣ የሳሙና ካርቶን፣ የመጽሔት ገጽ፣ ሁሉም በየፈርጁ። እጅ ለብቻ፣ የጨርቅ እጥፋት ለብቻ፣ የበሬ ትከሻ ለብቻ። የኔ ስልክና የሳቸው ክላሰር ልዩነቱ ይሄ ነው፤ ክላሰሩ ውስጥ የገባ ምስል ሁሉ ቢያንስ አንዴ ተስሏል። ያልተሳለ አይገባም። እኔም ስልኬን እንደዚያ አጸዳሁት። ከሁሉም 60 ቀረኝ።

መጨረሻው ገጽ ላይ በላስቲክ የተሸፈነ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወንጌል ፎቶ አለ፤ ከ700 ዓመት በላይ የሆነው፣ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ስዕል ያለበት። እኔ ሴት ስለሆንኩ ገዳሙ አልገባም። ጋሼ ሙስሊም ናቸው። የመስጊድም የቤተክርስቲያንም ማስታወቂያ ሲጽፉ ኖረዋል፣ ለወሎ ሰው ይሄ ወሬ አይደለም። «ፎቶ ከመገልበጥሽ በፊት እነዚህ የጥንት ሠዓሊዎች በስንት መስመር ልብስ እንዳለበሱ ቁጠሪ» ይሉኛል። በጥንቱ ወግ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉው ደግሞ ወደ ጎን በአንድ ዓይን እንደሚሳልም መጀመሪያ የሰማሁት ከሳቸው ነው። የጥንት ስዕል ማየት ከፈለጋችሁ ላሊበላ ስትሄዱ የቤተ ማርያምን ጣሪያ ቀና ብላችሁ እዩ።

ስልክ አይወዱም። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ግን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 ወደ 375 ሺህ ምስል ለማንም በነፃ መልቀቁን ስነግራቸው ዝም አሉ። የሆላንዱን ሠዓሊ የሬምብራንትን የብዕርና የቀለም ንድፎች አሳየኋቸው። ካለቀ ሥዕል ይልቅ ንድፍ ፈልጉ፤ እጁ ከየት ጀምሮ የት እንደቆመ ይታያል። በሳምንቱ «እጅ እጁን ብቻ አሳትመሽ አምጪልኝ» አሉኝ። አሁን የሬምብራንት እጅ ከሳሙና ካርቶኑ ጎን ተቀምጧል።

ራሳችሁ ፎቶ ስታነሱ ደግሞ አንድ መስኮት ይበቃል፣ መብራቱን አጥፉት። ስልኩን ፊት ላይ አትደቅኑ፣ አፍንጫ ያብጣል። ሁለት ሜትር ራቁና በዙም አቅርባችሁ አንሱ። ፈጣን ንድፍ ለመለማመድ ሰኞ ገበያ ሄጄ በ30 ሴኮንድ አንድ ሰው እስላለሁ። የተሸከመ ሰው ከሆነ የጀርባው መስመር ብቻ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሃያዎቹ የቆሻሻ ናቸው፣ አትዘኑ።

ችግራቸውንም ልንገራችሁ። የእህቴ ታፔላ በሳምንት ይደርሳል ተብሎ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ስልክ አያነሱም። ከተናደዱ እርሳሳችሁን ቀምተው ራሳቸው ይስሉታል፤ ይሄን አልወድላቸውም፣ ነግሬያቸዋለሁም። ክፍሏ ከአራት ሰው በላይ አትይዝም። የቲነር ሽታ የማይስማማችሁ በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ጋሼ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ባለፈው ሳምንት የአያቷን ስዕል አይታ ማን እንደሆነች ሳልነግራት ስሟን ጠራች። ምን እንዳደረጉልኝ በዚህ ይወቁት።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ከልክለውኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ቅዳሜና እሁድ ከ8 ሰዓት በኋላ ነው፣ በረመዳን የለም። 2ቢ እርሳስ፣ ወረቀትና አንድ ሲኒ ይዛችሁ ሂዱ።