ለልጃችሁ የትምህርት ቤት ባጃጅ የምትፈልጉ የደብረ ብርሃን ወላጆች፣ እኚህን ሰው ያዙ

ሰላም ለእናንተ ይሁን የደብረ ብርሃንና የአካባቢው ወላጆች። ይህን የምጽፈው አንድ የባጃጅ ሹፌር ለማመስገን ነው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ አልፈቀዱልኝም፤ እኛ ቤት «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ልጅ የሚያመላልስ የታመነ ሰው የምትፈልጉ፣ በተለይ ደግሞ ከከባድ ሕመም የተነሣ ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው። ከመሐል ሜዳ እኔ ጋ የመጣው ለመማር ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ፊቱና እግሩ ያብጥ ጀመር፤ ሲመረመር ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል ተባልን። ከዚያ በኋላ ያለውን የደረሰበት ያውቀዋል። እጥበቱ፣ ወረፋው፣ የመድኃኒቱ ዋጋ፣ አዲስ አበባ መመላለሱ፣ መንገድ ተዘጋ በተባለ ቁጥር ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ማንጋቱ። በመጨረሻ እግዚአብሔር ረድቶን ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላው ተሠራለት። ያ ማዕከል በ2008 ዓ.ም. ባይከፈት ኖሮ እኛን የመሰለ ቤተሰብ ውጭ አገር ልኮ የማሳከም አቅም ከየት ያመጣ ነበር? ኩላሊት መሸጥና መግዛት በሕግ ክልክል ነው፤ ከቤተሰብ ነው የሚሰጠው። የእኔ ተስማማ ተባለ፣ ሰጠሁት። ይኸው እኔም በአንዱ ደህና ሆኜ ሥራዬን እየሠራሁ ነው። የቀዶ ሕክምናውን ዝርዝር እኔም አላውቀው፤ ሐኪሞቹን ግን ዕድሜ ይስጥልኝ።

ሰው ሁሉ «እንግዲህ ዳነ አይደል? ተመስገን ነው!» ይለናል። አዎ ተመስገን። ነገር ግን ኩላሊት የተተከለለት ልጅ መድኃኒቱን ዕድሜ ልኩን ነው የሚውጠው፣ ያውም ሰዓቱን ጠብቆ። የወንድሜ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ነው። ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው መድኃኒቱ የመከላከል አቅሙን ስለሚያዳክመው፣ ለሌላው ልጅ ተራ የሆነ ጉንፋን ለእሱ ተራ አይደለም። ጥሬ ሥጋ የለ፣ ያልተፈላ ወተት የለ። እናታችን ከመንዝ እርጎ ይዛ መጥታ «ልጄን እርጎ ከለከላችሁብኝ» ብላ ያለቀሰችው ለቅሶ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ኳስም ቀረ፤ አዲሱ ኩላሊት ከፊት በኩል ከሆዱ በታች ስለሆነ ምት አይችልም። ከአንደኛው መድኃኒት የተነሣ ጉንጩ አብጦ ነበርና፣ በዚህ ዕድሜ ላይ ላለ ጎረምሳ መስታወት ማየት ራሱ ሌላ ሕመም ሆነበት።

ሐኪሞቹ ትምህርት ይጀምር ሲሉን ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ደስታችንን ያጨለመው ሰው ነው። አንድ ትምህርት ቤት የሐኪሞቹን ደብዳቤ ካነበበ በኋላ «አንድ ነገር ቢሆን ኃላፊነት አንወስድም» ብሎ መለሰን። እኔ ኃላፊነት ውሰዱ አላልኩም፤ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ሽንት ቤት ሲጠይቅ ይፈቀድለት ነው ያልኩት። ሌላ ቦታ ተመዘገበ። እዚያ ደግሞ አንድ መምህር ተማሪ ፊት «ማስክህን አውልቅ፣ ምን ደብቀህ ነው?» አለው። ያን ቀን ቤት ገብቶ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኛ፤ ራቱንም አልበላም። ይህን ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

መመላለሻውማ አይነሣ! የመጀመሪያው ባለ ባጃጅ የወሩን ብር አስቀድሞ ተቀብሎ ልጆቹን እንደ ጆንያ ደራርቦ ነበር የሚጭነው፤ የሚያስለው ላይ የሚያስነጥሰው። ለብቻው ይቀመጥ፣ ሂሳቡን ልጨምር ብለው «እንዲህ ከተቀናጣችሁ የራሳችሁን መኪና ግዙ» አለኝ። ሁለተኛው የተተከለለት መሆኑን ሲሰማ «ይጋባል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝና፣ በነጋታው ሳይመጣ ቀረ። የደብረ ብርሃንን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ታውቁታላችሁ። ልጁ በዚያ ብርድ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ስልክ ብደውል አያነሣም።

ጋሼን ያገኘኋቸው ጠባሴ አካባቢ አንዲት ጎረቤቴ ጠቁማኝ ነው። ቀድሞ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሠሩ፣ ረጋ ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው አልደነገጡም፣ «ወይኔ ልጄን» ብለውም ከንፈር አልመጠጡም። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ እኔ መሃይም ነኝ ባልልም ሐኪም አይደለሁም። የሚወስደውን መድኃኒት ስም፣ የማይነካውንም በወረቀት ጻፊልኝ» አሉኝ። ጻፍኩላቸው። በነጋታው ወረቀቱን በራሳቸው ብር ላሚኔት አስደርገው ከመሪው በላይ፣ ከገብርኤል ሥዕል አጠገብ ሰቅለውት አገኘሁ። ከላይ በትልቁ በቀይ እስክርቢቶ «ኩላሊት የተተከለለት ልጅ ነው» የሚል ጨምረውበታል። ከሥሩ የእኔ ስልክ፣ የሐኪሙ ስልክ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ለብቻው ነው የሚሄደው፤ ሲመለስ ከሌላ ልጅ ጋር ቢሆንም የሚያስል ልጅ አይጫንም። የላስቲክ መጋረጃውን ይዘጉለታል፣ መቀመጫውን ይወለውሉለታል። 2 ሰዓት ሲሆን ስልካቸው ይጮሃል፤ ባጃጇን ዳር ይዘው ያቆማሉ፣ ልጁ ክኒኑን ይውጣል፣ ጉዞ ይቀጥላል። ደም ለምርመራ በሚሰጥበት ቀን ደግሞ ክኒኑን የሚውጠው ደሙ ከተቀዳ በኋላ ነው፤ ያንንም ያውቁታል። «ዛሬ የደም ቀን አይደለም ወይ?» ብለው እኔን ያስታወሱኝ እሳቸው ናቸው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። አንድ ጠዋት ልጁን ከቤት ይዘው ወጡ። እኔ ሥራ ገብቻለሁ። ልጁ የሒሳብ ፈተና ስለነበረበት ሌሊቱን እንዳተኮሰው ለእኔ ሳይናገር ነው የወጣው። ጋሼ በመስታወቱ አይተውታል። ዓይኑ ቀላ፣ ከወትሮው ዝም አለ፣ በዚያ ብርድ ጃኬቱን ከፈተ። አቆሙና በእጃቸው ጀርባ ግንባሩን ነኩት። «ፈተናዬ ያልፈኛል» ቢላቸው «ፈተና ይደገማል» ብለው አዙረው ሆስፒታል ወሰዱት። እኔ ስልክ ሳነሣ የሰማሁት «አትደንግጪ ልጄ፣ ትኩሳት አለው፣ ሆስፒታል ደርሰናል፣ ነይ» የሚል ድምፅ ነው። እየሮጥኩ ስደርስ ያቺን ላሚኔት ነቅለው ለነርሷ እያሳዩ ነበር። «ይኸውልሽ፣ አይቡፕሮፌንም ዳይክሎፌናክም አይሰጠው፣ ኩላሊቱን ይጎዳዋል ይላል» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እኔ የጻፍኩትን ቃል በቃል! ሐኪሙ ኢንፌክሽን መሆኑን ነግሮኝ፣ አዲስ አበባ ካሉት ሐኪሞቹ ጋር በስልክ ተነጋግሮ ሕክምናው ወዲያው ተጀመረ። «በጊዜ መጣችሁ» አለን። ጋሼ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ከአጠገቤ አልተለዩም፤ የቀኑ ገበያቸው እንደቀረ አውቃለሁ። ብር ብሰጣቸው እጄን መለሱት። «የትምህርት ቤት መመላለሻ ነው የተዋዋልነው፤ ሆስፒታሉ ከሒሳብ ውጭ ነው» አሉኝ።

ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደውም የክፍል ኃላፊውን አነጋግረውልኛል፤ ፈተናው ሌላ ቀን ተፈተነ። ወንድሜ አሁን ትምህርቱን ይወደዋል። ጉንጩም እየቀነሰ ነው፣ ጓደኛም አግኝቷል፣ ማታ ማታ «ጋሼ እንዲህ አሉኝ» እያለ ያወራኛል። እውነት ለመናገር እኔ አንድ ኩላሊት ሰጠሁት፤ ያንን ኩላሊት በየቀኑ ከእኔ ጋር የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

እባካችሁ እንዲህ ያለውን ሰው እናበርታው። የስኳር ሕመምተኛ ልጅ ያላችሁ፣ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ልጅ ያላችሁ፣ አስም ያለበት ልጅ ያላችሁ፣ ያለ ሥጋት ስጧቸው። ጤነኛ ልጅም ቢሆን እንዲህ ያለ ሰው ይገባዋል። ሰዓት አክባሪ ናቸው፣ አይከንፉም፣ ከልክ በላይ አይጭኑም፣ ዋጋቸውም ከሌላው የተለየ አይደለም። ከጠባሴ እስከ መሐል ከተማ ይሠራሉ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሁለት ልጅ የሚሆን ቦታ እንዳላቸው ትናንት ነግረውኛልና ሳይሞላባችሁ ቶሎ ደውሉላቸው።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ካነበበልዎት፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናታችንም ከመሐል ሜዳ እጅ ነስታለች፤ ለገና ቅቤ ይዛ ትመጣለች፣ እምቢ እንዳይሏት።