ምላስ አልባው የዓሣ ማባበያ በጀማ ወንዝ

ውጭ አገር የሚመላለስ አንድ ዘመዴ ባለፈው ታኅሣሥ ሦስት የዓሣ ማባበያዎች ይዞልኝ መጣ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከሌባ ጣት እምብዛም የማይረዝሙ፣ ጎናቸው ጠፍጠፍ ያለ፣ እያንዳንዳቸው 14 ግራም የሚመዝኑ፣ ከሆዳቸውና ከጭራቸው ሥር ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ የተንጠለጠለባቸው የፕላስቲክ ዓሦች። ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ጥቃቅን የብረት እንክብሎች ስለተጨመሩበት ሲነቀነቁ ይንሿሿሉ። እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ አራት ጊዜ ወደ ጀማ ወርጄ ሞክሬያቸዋለሁ። በዚህ ግምገማ ከዕቃው ይልቅ ስለ አሳሳቡ አብዝቼ የምናገረው፣ ማሸጊያው ላይ ያለው አጭር መመሪያ ወርውሮ መጎተት ብቻ እንደሚበቃ ስለሚናገርና ይህም በእኛ ወንዝ ላይ ሁለት ሙሉ ቀን ባዶ እጄን ስላስመለሰኝ ነው።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ልግለጽ። ክራንክቤይት ከሚባሉት ማባበያዎች አብዛኞቹ ከአፋቸው በታች ወደ ፊት የወጣ የፕላስቲክ ምላስ አላቸው፤ ሲጎተቱ ውኃው ምላሱን እየገፋ ወደ ታች ያጠልቃቸዋል፣ ግራና ቀኝም ያወዛውዛቸዋል። ይህኛው ግን ምላስ የለውም። ክሩ የሚታሰረው በአፉ ላይ ሳይሆን ከግንባሩ በላይ በጀርባው በኩል በመሆኑ፣ ሲጎተት አቀርቅሮ ይሄዳል፤ ውኃውን የሚገፋውም ጠፍጣፋው ግንባሩ ራሱ ነው። ከዚህ የሚፈጠረው እንቅስቃሴ ሰፊ ውዝዋዜ ሳይሆን በማጥመጃው ዘንግ በኩል እስከ ክርን ድረስ የሚሰማ ፈጣንና አጭር ንዝረት ነው። ሌላው ዋና ልዩነት፣ ምላስ ካላቸው ብዙዎቹ ሲቆሙ ወደ ላይ የሚንሳፈፉ ሲሆኑ ይህኛው መጎተት ሲቆም ይሰምጣል። መስመጡ ጉድለት ይመስላል፤ እኔ ግን በመጨረሻ ዓሣ ያገኘሁት በዚሁ በመስመጡ ነው።

ይህን ዓይነት ማባበያ በአሜሪካ ስመ ጥር ያደረገው ቢል ሉዊስ የተባለ ሰው በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የሠራው ራትል ትራፕ ነው። የታሰበውም ላርጅማውዝ ባስ ለሚባለው አፈ ሰፊ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነበር፤ የአሳሳቡ ዘዴዎች ሁሉ የተፈተኑት በዚያ አገር ሐይቆችና የግድብ ውኃዎች ላይ ነው። እኔ ዘንድ የደረሱት ሦስቱ ደግሞ ስም የሌላቸው ርካሽ አምሳያዎች ናቸው። ስለዚህ እዚህ የምነቅፈው የእነዚህኑ ሥሪት እንጂ የዓይነቱን አለመሆኑ ይታወቅልኝ።

ጀማ ለእኔ ቅርብም ሩቅም ነው። የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ወንዝ ሄዶ ሄዶ የሚገባው እዚያ ነው፤ ጀማም ራሱ ሄዶ ዓባይን ይቀላቀላል። እኔ የምወርድበት ቦታ ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ወንዙን ከሚሻገርበት ድልድይ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። ጠዋት በደጋው ብርድ ጋቢ ተከናንቦ የተነሣ ሰው እዚያ ሲደርስ ሸሚዙንም ማውለቅ ያምረዋል። በክረምት ጭቃ የሚመስለው ውኃ ከጥር በኋላ ጠርቶና ቀንሶ፣ በአለት መካከል ጥልቅ ኩሬዎችን ትቶ በቀጭኑ ይፈሳል። ባስ የሚባል ዓሣ እዚህ የለም። ያለው ነጭ ዓሣ የምንለውና ተመራማሪዎች ላቢዮባርበስ የሚሉት ወገን፣ እንዲሁም አምባዛ ነው። በሶ የሚባለው ዓሣ ባለበት ውኃ ቢሆንም እንኳ ይህ ዕቃ ለእርሱ አይሆንም፤ በሶ ከድንጋይ ላይ አልጌ እየፋቀ የሚኖር ስለሆነ ሌላ ዓሣ የሚመስል ነገር አያሳድድም። ነጭ ዓሣ ግን ያገኘውን የሚበላ ነው፤ ትልቁ ትንሹን ከመዋጥ አይመለስም።

መጀመሪያ የሞከርሁት በአሜሪካ በጣም የተለመደውን ዘዴ፣ ማለትም ወርውሮ ሪሉን፣ ክሩ የሚጠቀለልበትን መዘውር፣ ያለማቋረጥ በፍጥነት ማጠንጠንን ነው። ባስ በሞቃት ወራት ትናንሽ ዓሦችን በመንጋ ሲያሳድድ ይህ ዘዴ እንደሚሠራ ይታወቃል፤ የፈጠነው ማባበያ ለማሰብ ጊዜ ስለማይሰጥ ዓሣው በደመ ነፍስ ይመታዋል። ከወንዙ ዳር በእጅ ክርና በትል የሚያጠምዱ አንድ የአካባቢው አዛውንት ቁጭ ብለው ይመለከቱኝ ነበር። ማባበያውን ተቀብለው ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁትና፣ «ይኼ ጸናጽል ነው። አንተ ልጅ፣ ዓሣውን ልታስቀድሰው ነው ወይስ ልትይዘው?» አሉኝ።

«ድምፁን ሲሰማ ይመጣል ይላሉ፣ ጋሼ» አልኋቸው።

«ሲሰማማ ይሸሻል» አሉና ወደ ክራቸው ተመለሱ።

በዚያን ቀንም ሆነ በሁለተኛው ጉዞ ጋሼ ትክክል ነበሩ። ዓሣ በጎኑ በኩል ባለው የስሜት መስመር የውኃን ንዝረት ስለሚያውቅ፣ በደፈረሰ ወይም በጥልቅ ውኃ ውስጥ ይህ ጩኸት ይጠራዋል። ከጉልበት በማይበልጥ የጠራ ውኃ ውስጥ ግን ያው ጩኸት ያባርረዋል። ከድንጋይ ላይ ቆሜ በዓይኔ እንዳየሁት፣ ማባበያው በኩሬው ጥግ ገና እንዳለፈ አምስት ስድስት ጥላዎች በአንድ ጊዜ ተበትነው ወደ ገደሉ ሥር ገቡ። ፈጣኑ አሳሳብ በጀማ ዋጋ የሚኖረው ውኃው ከድንጋዮች መካከል አረፋ እየደፈቀ ወደ ኩሬው በሚወድቅበት ራስጌ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ የወንዙ ጩኸት የእንክብሎቹን ድምፅ ስለሚውጠውና ዓሣውም ፈሰሱ የሚያመጣለትን ምግብ እየጠበቀ ስለሚቆም፣ በሦስተኛው ጉዞ አንድ ሁለት ጥሩ ምት አግኝቻለሁ።

ነገሩን የለወጠው አሜሪካውያን በክር ላይ ተንጠልጥሎ በሚወጣና በሚወርድ መጫወቻ ስም ዮዮ የሚሉት ዘዴ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ማባበያውን ወርውሮ ወለሉን እስኪነካ ድረስ መቁጠር ያስፈልጋል። 14 ግራም የሆነው የእኔ ማባበያ በግምት በሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰምጣል፤ እኔ በማጠምድበት ትልቁ ኩሬ ስድስት ስቆጥር ወለሉ ላይ ያርፋል። ከዚያ የዘንጉን ጫፍ ከውኃው ደረጃ ተነሥቶ እስከ ትከሻ ድረስ ቀልጠፍ አድርጎ ማንሣት ነው፤ ማባበያው እየተንቀጠቀጠ አንድ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይዘላል። ቀጥሎ ዘንጉን እያወረዱ ማባበያው ተመልሶ እንዲሰምጥ መተው፣ የረገበውን ክር በሪሉ መሰብሰብና እንደገና ማንሣት ነው። ሲወድቅ እንደ ድንጋይ ቁልቁል አይሄድም፤ እንደ ቆሰለ ዓሣ እየተንሸራተተና በትንሹ እየተንዘፈዘፈ ይወርዳል።

ጥበቡ ያለው በማንሣቱ ሳይሆን በማውረዱ ላይ ነው። ዘንጉን በአንድ ጊዜ ጥሎ ክሩን ጨርሶ ያላላ ሰው ሁለት ነገር ይደርስበታል፤ ወይ የፊተኛው መንጠቆ ክሩን ይይዝና ማባበያው እየተገለባበጠ ይመለሳል፣ ወይም ዓሣ ነክሶ ሲተፋው ሳያውቅ ይቀራል። ክሩን እጅግ ወጥሮ ያወረደ ሰው ደግሞ ማባበያውን እንደ ፔንዱለም ወደ ራሱ ይስበዋል፤ የውድቀቱ መልክ ይጠፋል። ትክክለኛው ልክ የዘንጉ ጫፍ ማባበያውን እየተከተለ፣ ክሩ ሳይወጠርም ሳይንዘላዘልም ትንሽ ደጋን ሠርቶ ሲወርድ ነው። በዚህ ጊዜ ዓይን ከክሩ ላይ መነሣት የለበትም፤ ሲወድቅ የሚመጣው ንክሻ በእጅ ብዙም አይሰማምና። በሦስተኛው ጉዞ፣ ከቀትር በኋላ፣ ወለሉ ስድስት ላይ መሆኑን እያወቅሁ አራት ስል ክሩ ቆመ። ድንጋይ ነው ብዬ ለማላቀቅ ዘንጉን ቀና ሳደርግ «ድንጋዩ» ወደ ገደሉ ተነሥቶ ሄደ። ከሌባ ጣቴ ጫፍ እስከ ክርኔ የሚደርስ፣ ጎኑ እንደ ነሐስ የሚያብረቀርቅ ነጭ ዓሣ ነበር። በአራቱ ጉዞዎች መንጠቆ የነካቸው ዘጠኝ ዓሦች ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ስድስቱ ማባበያው ሲወድቅ የያዙት ናቸው።

ጎትቶ ማቆም የሚባለውንም ሞክሬያለሁ፤ ሦስት አራት ዙር አጠንጥኖ ለአንድ ቅጽበት ማቆምና መቀጠል ነው። መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን የዮዮው ደካማ ወንድም ሆኖ ነው ያገኘሁት። ለአምባዛ ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ፀሐይ ወደ ተራሮቹ ስታዘቀዝቅ ማባበያው ወለሉን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ ንዝረቱ በእጅ እስከሚሰማበት ዝቅተኛ ፍጥነት ድረስ እያዘገሙ መጎተት ነው። አምባዛ በዓይኑ ሳይሆን በጢሙና በንዝረት ስለሚያድን ቀርፋፋውን ጩኸት ከኋላ እየተከተለ ይመጣል፤ ምቱም እንደ ነጭ ዓሣ ፈጣን ሳይሆን እርጥብ ጆንያ እንደመሳብ ከባድ ነው። አንድ አጥምጃለሁ፣ አንድ ደግሞ ክሬን በአለት ስለት ላይ አሽቶ ከነማባበያው ወሰደብኝ።

ባስ አጥማጆች እጅግ የሚያደንቁት ሌላ ዘዴ አለ፤ ማባበያውን ሃይድሪላ በሚባለው የውኃ ሣር ራስ ላይ አስይዞ በኃይል ነጥቆ ማላቀቅ። ዓሣው የሚመታው ከሣሩ ፈትለክ ብሎ ሲወጣ ነው። ይህን ዘዴ ጀማ ላይ ማሰብ ከንቱ ነው፤ የምናጠምድበት ወለል ሣር ሳይሆን አለት ነው፣ አለት ደግሞ ሲነጠቅ አይለቅም። እኔ ከአለት ማላቀቅ የቻልሁት ወደ ላይ ወጥቼ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ክሩን እያላላሁና በዘንጉ ጫፍ ቀስ እያልሁ በመነቅነቅ ነው። ማባበያው ከባድ ስለሆነ ክሩ ሲላላለት በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ብዙ ጊዜ ይወጣል። አንዱ ግን አልወጣም፤ እስካሁን እዚያው ነው።

ወደ ሥሪቱ ስመጣ ቅሬታዬ ከባድ ነው። መንጠቆዎቹን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት የብረት ቀለበቶች ለስላሳ ከመሆናቸው የተነሣ በመጀመሪያው ትልቅ ዓሣ አንዱ ተከፍቶ ዓሣው ከነመንጠቆው ሄዷል። መንጠቆዎቹም ከአንድ ሳምንት በኋላ ዝገት ጀምረዋል፤ የሆዱ ቀለም በድንጋይ ተፍቆ ነጭ ፕላስቲኩ ታይቷል። ከዚህ ሌላ የዓይነቱ ሁሉ የሆነ፣ ከርካሽነት ጋር የማይያያዝ ጠባይ አለ። ማባበያው ከባድና ደረቅ ስለሆነ ዓሣው ከውኃ ዘልሎ ራሱን ሲያራግፍ ክብደቱ መንጠቆውን እንደ ማንሻ ፈልቅቆ ያወጣዋል። ከዘጠኙ ዓሦች ዳር የደረሱት አምስት ብቻ መሆናቸው በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ዘንጉን ወደ ሰማይ ከማንሣት ይልቅ ወደ ጎን አዘንብሎ ክሩን ሳያላሉ መሳብ ጉዳቱን ይቀንሰዋል።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። በአሜሪካ በጸደይ መግቢያ ቀዩ የሚወደደው ክሬይፊሽ የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ እንስሳ ስለሚመስል ነው፤ ያ እንስሳ በእኛ ወንዞች ስለሌለ ቀዩን ለመግዛት ምክንያት አላየሁም። ብርማው ሠርቶልኛል።

አንዱን በ650 ብር ሒሳብ ነው የከፈልሁት፤ በዚህ ዋጋ ጋሼ ለዓመት የሚበቃቸውን መንጠቆና ናይለን ይገዛሉ፤ በዚያ ላይ እርሳቸው ከእኔ የበለጠ ዓሣ ይዘው የተመለሱባቸው ቀናት ሁለት ናቸው። ቢሆንም ትል መቆፈር ለሰለቸው፣ ጥልቅ ኩሬ ላለበትና አንድ ሁለት ማባበያ በአለት መካከል ጥሎ ለመሄድ ልቡ ለፈቀደ ሰው፣ ቀለበቶቹንና መንጠቆዎቹን ከመጀመሪያው ቀን በፊት በጠንካራ ይቀይር እንጂ፣ ዕቃው ይሠራል። በየሸለቆው አሁንም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ የሚበትን ሰው ትልቁንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ሲያንሳፍፍ ላየ፣ አንድ ዓሣ መርጦ ይዞ ሌላውን መልሶ መልቀቅ የሚያስችል ማንኛውም መሣሪያ ደስ ማሰኘቱ አይቀርም።

ቀለበቷ የተከፈተባትን ማባበያ መንጠቆዎቿን አውልቄ ለጋሼ ሰጠኋቸው፤ በመጨረሻው ጉዞዬ ከአንዲት ግልገል አንገት ላይ ታስራ ስትንሿሿ ሰማኋት። ውኃው ከክረምት ሙላት ወርዶ ገና ትንሽ ድፍርስ ሳለ፣ ጩኸቱ በሚጠቅምበት በጥቅምት ለመሞከር ለዘመዴ ያዘዝሁት ደግሞ 7 ግራም የሆነውን ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚሰምጥ በአራት ቁጥር ወለሉን በሚነካባቸው ትናንሽ ኩሬዎች ላይ የበለጠ የማውረጃ ጊዜ ይሰጠኛል ብዬ አስባለሁ። ባለ አንድ ጫፍ ጠንካራ መንጠቆዎችንም አብሬ አዝዣለሁ።