ቴካ ሴንተር፣ ሲንጋፖር፦ ከባሕር ዳር ለሚሄድ ጿሚ

ረቡዕና ዓርብን የማይሽር መንገደኛ ሲንጋፖር ላይ ምን እንደሚበላ ከጨነቀው ሊትል ኢንዲያ ጣቢያ ከባቡር ይውረድ። በ«ሲ» መውጫ ሲወጣ ቴካ ሴንተር የሚባለው የገበያና የምግብ አዳራሽ አጠገቡ ነው። ምድር ላይ ያለው ክፍል የሥጋ፣ የአሣና የአትክልት ተራ ከምግብ መደብሮች ጋር ነው፤ ፎቁ ላይ ልብስና ልብስ ሰፊዎች አሉ። ስሙ ቻይንኛ፣ ሰፈሩ የሕንዶች፣ ከምግቡ ደግሞ የሙስሊሞቹ ብርያኒ፣ በቅመም ከሥጋ ጋር የበሰለ ሩዝ፣ ተፈላጊ ነው። ቅዳሜ ገበያን ለለመደ የባሕር ዳር ሰው ግርግሩ ብርቅ አይሆንበትም። የአሣ ተራው ወለል ግን እርጥብ ነውና ነጠላ ጫማ አይመከርም።

ጿሚን የሚያሳስተው «ቬጂቴሪያን» የሚለው ጽሑፍ ነው። ሕንዶቹ ዘንድ ሥጋ የለበትም ማለት እንጂ ቅቤና እርጎ የለበትም ማለት አይደለም። «ኖ ጊ፣ ኖ ሚልክ፣ ኖ ከርድ» ይበሉ፤ ጊ የነጠረ ቅቤ፣ ከርድ እርጎ ነው። ሳይከፍሉ በፊት ይናገሩ፤ ጊ የሚረጨው ሊጡ ምጣድ ላይ እንደተዘረጋ ስለሆነ ዘግይቶ መጮህ አያድንም።

የሚታዘዘው ምንም ያልተጨመረበት ቶሳይ፣ እንጀራ መሰል ቂጣ፣ ነው። ሩዝና ኡራድ የሚባል ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ ይፈጫል፣ አድሮ ይቦካል። እኛ የእንጀራ ሊጥ ከዳር ወደ መሀል እናዞራለን፤ እነሱ መሀል ላይ ጠብ አድርገው በጭልፋ ጀርባ ወደ ዳር ይገፉታል። አክንባሎ የለም፣ ስለዚህ ዓይን አይፈለግበትም፤ ጠርዙ ቀጭን ነው፣ ሲቆርሱት ይሰበራል። ኮምጣጣነቱ ከእኛ ያነሰ ነው። አብሮት የሚመጣው ሳምባር የክክ ወጥ ነው፤ የኮኮናቱ ማባያ ግን አንዳንዴ እርጎ ይገባበታልና ይጠይቁ። ፕራታ የሚባለውን ድርብርብ ቂጣ በጾም ይተዉት፣ ቅቤ ወይም ማርጋሪን አያጣውም። ከሌሎች መደብሮች የሚገዙት ሳምባል በሚባል የቃሪያ ድልህ የተጠበሰ ቅጠልም ጎመን ቢመስልም የሽሪምፕ ድልህ አለበት።

አሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለጣና ዳር ሰው እንተወው። ለሚበላ ግን ሬስ ኮርስ ሮድ የሚባለው መንገድ ቅርብ ነው፤ እኛ ለወፍ የምንጥለው የአሣ ጭንቅላት እዚያ ትልቅ ሳህን ሞልቶ በካሪ ይቀርባል።

ቡናው ነጥብ ያስቀንሳል። ፍሬው ሲቆላ ስኳርና ቅቤ ወይም ማርጋሪን ይጨመርበታል፣ «ኮፒ» ብለው ካዘዙ ደግሞ በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ነው የሚመጣው። ያለ ወተትና ስኳር «ኮፒ ኦ ኮሶንግ» ይባላል፤ ስሙ ኮሶን ቢያስታውስ አይደንቅም፣ መራራነቱም ያስታውሳል። ጿሚ «ቴ ኦ»፣ ማለትም ወተት የሌለው ሻይ፣ ይዘዝ።

ዝርዝር ጥሬ ገንዘብ ይያዙ፤ የብዙ መደብሮች የስልክ ክፍያ የአገሬውን ባንክ ሒሳብ ይጠይቃል። ጠረጴዛ ላይ የሶፍት እሽግ ካዩ ቦታው ተይዟል፣ አያንሱት። ሶፍት መደብሮቹ ስለማይሰጡ የራስዎን ይያዙ። ትሪዎን በልተው ሲነሡ ወደ መመለሻው ይውሰዱ፦ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሲደገም 300 የሲንጋፖር ዶላር ቅጣት አለው። የሐላልና የሌላው መደርደሪያ የተለያየ ነው፤ ጽሑፉን ሳያነቡ ትሪ አያስቀምጡ።