ፒያሳ ያለችው ቡና ቤትና ያለ መብራት የሚዘፍነው ግራሞፎን

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ውስጥ ግራሞፎን አለ ሲሉኝ ለጌጥ የተቀመጠ ነበር የመሰለኝ። ባለፈው ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ስገባ ግን እየዘፈነ ነው ያገኘሁት! "በባትሪ ነው እንዴ ጋሼ?" አልኳቸው ባለቤቱን። "ኧረ ልጄ፣ በማንቬላ ነው" ብለው ከፍተው አሳዩኝ።

ማንቬላው ሞላውን ያጠነክራል፣ ሞላው ሸክላውን በደቂቃ 78 ጊዜ ያህል ያዞራል፣ መርፌው በመስመሩ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፣ ንቅጥቅጡን ማይካ ከሚባል ማዕድን የተሠራች አንዲት ስስ ሽፋን ወደ ድምፅ ትለውጠዋለች፣ ከዛ ጥሩምባው ነው የሚያጎላው በቃ፣ ልክ የማሲንቆ ቆዳና ሳጥን ክሯን እንደሚያጎሏት ማለት ነው። ድምፅ መቀነሻ የለውም፣ ቀጭን መርፌ ካደረጉ ዝቅ ወፍራም ካደረጉ ከፍ ይላል።

ድምፁስ? መጀመሪያ ሻሻሻ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ጆሮ ይለምደዋል። ቤዝ አትጠብቁ፣ ጥሩምባው ትንሽ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣውም፣ ከበሮው ከሩቅ ሰፈር የሚመታ ነው የሚመስለው። የሰው ድምፅና ማሲንቆ ላይ ግን ወላሂ ዘፋኙ እዛው ጠረጴዛው ጋ የቆመ ነው የሚመስላችሁ፣ ትንፋሹ ሳይቀር! ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን ሄደው ሲቀዱ ሸክላ በማይክ መቅዳት ገና አልተጀመረም፣ ጥሩምባ ፊት ነበር የሚዘፈነው፣ የሳቸውን ሸክላ እዚህ ላይ መስማት እንዴት በተመኘሁ።

በዛ ዘመን ይሄ አንሷቸው የበለጠ እንዲጮህ የፈለጉም ነበሩ። የእንፋሎት ተርባይን የሠሩት የብሪታኒያው መሐንዲስ ቻርልስ ፓርሰንስ ሆራስ ሾርት የጀመረውን አሻሽለው ኦክሴቶፎን የሚባል አወጡ፣ መርፌው ሽፋን ሳይሆን የታመቀ አየር የሚያልፍበትን ቫልቭ ነው የሚያንቀጠቅጠው፣ ለትልቅ አዳራሽና ለሜዳ የሚሆን ጩኸት አለው፣ የአየሩ ፉጨት ግን አብሮ ይሰማል። ለቡና ቤት እኔ ይችን እመርጣለሁ።

ቅር ያለኝ መርፌው ነው። የብረት መርፌ ለአንድ ገፅ ብቻ ነው፣ እሳቸው ከሰዓቱን ሙሉ ባንዱ ያጫውታሉ፣ ሸክላውን እየበላው ነው ያሳዝናል። ነገርኳቸው፣ እሺ ብለውኛል።

ቡናዋ ደህና ናት። ስትሄዱ በሩ ጋ አትቀመጡ፣ ባጃጁ ያስቸግራችኋል፣ ከጥሩምባው ፊት ለፊት ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ያዙ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው የሚያጫውቱት።