ሮም፣ ሉቨን ወይስ ዋሽንግተን? የአበውን ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር ላሰበ

ባለፈው ወር አንድ የሰፈሬ ልጅ፣ ዲያቆን ነው፣ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ሮም ይሻላል አሜሪካ?» ልክ የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ እንደሚያወዳድር ሰው። ልጁ መጻሕፍት ቤት ተቀምጧል። ግዕዙ ጥሩ ነው፣ እንግሊዝኛውም አያሳፍርም። ገንዘብ ግን የለም። መልሱን በድምፅ መቅዳት ጀመርኩና አስራ አምስት ደቂቃ ሲያልፍ አጠፋሁት። ለብዙ ሰው ስለሚሆን ልጻፈው አልኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ ግን ጥያቄውን መለስኩለት፤ «ምኑን ልትማር ነው?» ሰው ሁለት የተለያዩ ትምህርቶችን አንድ አድርጎ ያያል። አንዱ የጥንት ክርስትና ነገረ መለኮት ነው። ፈረንጆቹ ፓትሪስቲክስ ይሉታል፤ እኛ ጋ የሊቃውንት ጉባኤ የሚባለው ነው። ከሐዋርያት ደቀ መዛሙርት ተነስቶ እስከ 8ኛው ክፍለ ዘመን፣ እስከ ዮሐንስ ዘደማስቆ ድረስ ይሄዳል። ሌላው የካቶሊክ የአስተሳሰብ ትውፊት ነው። እሱ ከአውግስጢኖስ ይነሳና በአንሰልም፣ በቶማስ አኩዊናስ፣ በኒውማን አልፎ፣ የሮሙ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1998 ስለ እምነትና አእምሮ እስከጻፉት መልእክት ይደርሳል። የመጀመሪያው ከጽሑፍ ጋር መታገል ነው። ሁለተኛው ከጥያቄ ጋር።

ልዩነቱ እንዲገባው አንድ ነገር አሳየሁት። የቅዱስ ቄርሎስን ቃል ያውቃታል፤ «ሥጋ የሆነ አንድ የእግዚአብሔር ቃል ባሕርይ»። እስቲ፣ ሥጋ የሆነው ቃሉ ነው ባሕርዩ? አማርኛው ሁለቱንም ያስኬዳል። በግሪክኛ ግን «ቃል» ተባዕታይ ነው፣ «ባሕርይ» አንስታይ። ስለዚህ «ሴሳርኮሜኔ» ከተባለ የሚገልጸው ባሕርይን ነው፤ «ሴሳርኮሜኑ» ከተባለ ቃልን። ሁለቱም ንባቦች ተገኝተዋል። ሌላም ጣጣ አለ። ቄርሎስ አባባሉን የወሰደው የአትናቴዎስ ነው ብሎ ካመነበት ጽሑፍ ነበር፤ ጽሑፉ ግን በመናፍቅነት የተወገዘው የአቡሊናርዮስ ሆኖ ተገኘ።

የፓትሪስቲክስ ተማሪ በዚህች የቃል መድረሻ ላይ ሳምንት ሊያድር ይችላል። የካቶሊክ ትውፊት ተማሪ ደግሞ ቶሎ ያልፋታል። የእሱ ጥያቄ «በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ ለምን ሁለት ባሕርይ አለ? ቶማስ አኩዊናስስ ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ እንዴት አስረዳው?» የሚል ነው። ልጁ ስለ መድረሻዋ ሲያነብ ዓይኑ በራ፤ ቢያንስ የላከልኝ ኢሞጂ እንደዚያ ይላል። አንተን ወይም አንቺን እንቅልፍ ካመጣባችሁ ግን ምንም አይደለም። ሁለተኛውን ምረጡ፣ ግሪክኛ ሳትቆጥሩ መጀመር ትችላላችሁ።

ወደ ቦታዎቹ እንሂድ።

ለጽሑፍ ሰው ሮምን የሚያህል የለም። ከቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ዓምዶች አጠገብ አውግስቲኒያኑም የሚባል ተቋም አለ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1970 መርቀው የከፈቱት፣ በአውግስጢኖሳውያን መነኮሳት የሚመራ ነው። ሥራው ፓትሪስቲክስ ብቻ ነው። የሚሰጠው ሊሴንስያና ዶክትሬት ነው። ሊሴንስያ ማለት በጳጳሳዊ ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት ከመጀመሪያው ዲግሪ ቀጥሎ የሚመጣ፣ ሁለት ዓመት ገደማ የሚወስድ ደረጃ ነው። ላቲንና ግሪክኛ የሌለው ሰው በቅድሚያ ያንን ይሞላል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ችግሩ ሌላ ነው። ትምህርቱ በጣልያንኛ ነው። «ላዛኛ፣ ማኪያቶ፣ ጎማ፣ ፍሬን፤ ግማሹን እናውቀዋለን» ብሎ የቀለደ ጓደኛ ነበረኝ። ፈተናው ግን ብዙ ጊዜ በቃል ነው። መምህሩ ፊት ተቀምጠህ ስለ ኒቅያ ጉባኤ በጣልያንኛ ማብራራት ከማኪያቶ ማዘዝ ይለያል። ስድስት ወር ቋንቋ ብቻ ተማር እላለሁ፤ ዓመት ቢሆን ይመረጣል።

የእኛ ሰው ሮም ሲገባ እንግዳ አይደለም። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ያለችው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም የሐበሾች ትባላለች። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 ያሳተሙት እዚያው ሮም ነው። ምሥራቃዊ ክርስትና ላይ ማተኮር የሚፈልግ ደግሞ በ1917 የተመሠረተውን የምሥራቅ ጥናት ተቋም ይይ። አሁን በ1551 ከተመሠረተው ከግሪጎርያና ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሕዷል።

ሉቨን፣ ቤልጅየም፣ ሌላ ዓለም ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1425 ተመሠረተ፤ ስድስት መቶ ዓመት ሞልቶታል። ትልቁ ጥቅሙ ነገረ መለኮትን በእንግሊዝኛ ማስተማሩ ነው። ሁለተኛው ጥቅም፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪም የቤተ ክርስቲያኒቱን ዲግሪም የሚሰጥ መሆኑ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አገር ቤት ተመልሶ የአቻ ግምት ወረቀት ይዞ የተንከራተተ ሰው ያውቀዋል። ሮም የሚሄድም ቢሆን «ሊሴንስያ» የሚለው ቃል እሱ ሊቀጠር በሚፈልግበት ቦታ ምን ተብሎ እንደሚነበብ አስቀድሞ ይጠይቅ።

የሉቨን መንፈስ ለካቶሊክ የአስተሳሰብ ትውፊት ይስማማል። አውግስጢኖስን በራሱ መንገድ አንብቦ ቤተ ክርስቲያኒቱን ለመቶ ዓመት ያናወጠው ያንሴንዩስ እዚያ መምህር ነበር። ዓለም ከአንድ ጥንተ ነጥብ እየሰፋች መጣች ያለው የፊዚክስ ሊቅ ለሜትርም እዚያ ያስተማረ ካህን ነው። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሰነዶች ላይም የሉቨን መምህራን እጅ አለበት። ክፍል ውስጥ «ቤተ ክርስቲያን ለምን ሐሳቧን አሻሻለች?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ይህ የማይመቸው ተማሪ አለ። በግልጽ ልናገር፤ ትምህርቱን ስብከት አድርጎ የሚጠብቅ ሰው ሉቨን ይከፋዋል።

ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሳላወራ አላልፍም። የነገረ መለኮት ፋኩልቲው ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት አሉት። የዩኒቨርሲቲው ዋና ቤተ መጻሕፍት በ1914 እና በ1940 ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል። ከ1968ቱ የቋንቋ ጠብ በኋላ ደግሞ ፍላሚሾቹ (ደች ተናጋሪዎቹ) እና ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ሲለያዩ፣ መጻሕፍቱን በመደርደሪያ ቁጥራቸው ጎዶሎና ሙሉ እያሉ ተካፈሉ። የወንድማማቾች የርስት ክፍፍል እንኳ እንዲህ አይደለም።

ዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1887 ነው። ለእኛ ሰው የተለየ ጥቅም አለው። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለው ከብሩክላንድ ጣቢያ፣ ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ የሜትሮ መስመር ሦስተኛ ፌርማታ ነው። እንጀራ አይጠፋም፣ ቅዳሴ አይጠፋም፣ ዘመድ ቤት ማደሪያም ላይጠፋ ይችላል። ግን ይህ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው በምሥራቅ ክርስቲያን ቋንቋዎች፣ በሱርስትና በቅብጥኛ፣ የቆየ ስም አለው። በስጦታ ያገኛቸው ከ600 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎችና ክታቦችም አሉት፤ ክርስቲያናዊም እስላማዊም። በ1903 የተጀመረውን የምሥራቅ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ትልቅ የኅትመት ስብስብ ለረጅም ጊዜ በጋራ የያዙት እሱና ሉቨን ናቸው። በዚያ ስብስብ ውስጥ ኢትዮጵያ የራሷ ተከታታይ አላት። ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያሳተሟቸው የግዕዝ ሥራዎችም በዚያ ይገኛሉ። እሳቸው ራሳቸው ዕድሜያቸውን የሠሩት ሚኒሶታ ውስጥ፣ የቤነዲክት መነኮሳት ቤተ መጻሕፍት ነው።

እዚህ ላይ ነው ለዲያቆኑ ጠንከር ብዬ የጻፍኩለት። «ግዕዝህን ደብቀህ አታመልክት» አልኩት። ብዙ የእኛ ልጆች የማመልከቻ ደብዳቤያቸውን ሲጽፉ ስለ ሃይማኖታቸው ጽናት ሁለት ገጽ ይሞሉና ግዕዙን በአንድ መስመር ያልፉታል። ይህ ስህተት ነው። የእኛ መጽሐፈ ቄርሎስ በአክሱም ዘመን በቀጥታ ከግሪክኛ የተተረጎመ ስለሆነ፣ ለኤፌሶን ጉባኤ ዘመን ጽሑፎች ምስክር ሆኖ ይጠራል። ሃይማኖተ አበው ግን ከዐረብኛ የመጣ ነው። ፕሮፌሰሩ የሚጠይቅህ ይህንን ልዩነት ነው። የኔታ «አንድም» ብለው ምሥጢሩን ያወርዱልሃል። ፕሮፌሰሩ «በየትኛው ብራና?» ይልሃል። ሁለቱንም የሚችል ሰው እጥረት አለ።

ገንዘቡስ? የሮም ጳጳሳዊ ተቋማት ክፍያ ከአሜሪካ ጋር አይወዳደርም፤ ሮም ላይ ኪስ የሚያራቁተው የቤት ኪራይ ነው። ለኦርቶዶክስ ተማሪዎች ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው በር አለ። በቫቲካን የክርስቲያኖች አንድነት መሥሪያ ቤት ሥር ያለ የባህል ትብብር ኮሚቴ፣ ከኦርቶዶክስና ከእኛ መሰል አብያተ ክርስቲያናት ለሚመጡ ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣል። መንገዱ በጳጳስህ ደብዳቤ በኩል ነው። ያለ ደብዳቤ ጊዜህን አታጥፋ። ቤልጅየም ለቪዛ የመኖሪያ ገንዘብ ማስረጃ ወይም ዋስ ትጠይቃለች። አሜሪካ በወረቀት ላይ ዋጋው ያስደነግጣል፣ በተለይ የመጀመሪያ ዲግሪው። የዶክትሬት ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ ክፍያውን ዩኒቨርሲቲው ይችልለታል፣ ኑሮውንም ይደጉማል። ኢንዲያና ያለው ኖተር ዳም ዩኒቨርሲቲም በጥንት ክርስትና የማስተርስ ፕሮግራም አለው፤ ዋሽንግተንን ያየ እሱንም ይይ።

«ተዋሕዶ ሆኜ ካቶሊክ ጋ ብማር ያስቀይሩኛል?» የሚል ጥያቄም መጥቶልኛል። የእምነት ለውጥ የመግቢያ መስፈርት አይደለም። በ1973 ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ ስለ ክርስቶስ በጋራ የፈረሙት መግለጫ ራሱ በክፍል ውስጥ ይነበባል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። «ሁለት ባሕርይ» የሚለውን በጥንቃቄ የሚያብራራ ደግ መምህር ፊት ተቀምጠህ፣ ከስድብ በቀር መልስ ያልያዝክ እንደሆነ ያን ቀን ታፍራለህ። ቄርሎስን አንብበህ ሂድ።

ለዲያቆኑ የፈረድኩት ሮምን ነው። ጽሑፍ ወዳድ ነው፣ ገንዘብ የለውም፣ የጳጳስ ደብዳቤ ያገኛል። እንግሊዝኛው ጠንካራ ለሆነና በዘመናዊ ጥያቄዎች ለሚሳብ እህቱ ግን ሉቨንን ነው የምመክራት። ዘመድ አሜሪካ ያለውና ዶክትሬት ያሰበ ዋሽንግተንን ያስቀድም።

ማክሰኞ ማታ ደወለልኝ። ደብዳቤውን ገና አልጠየቀም። ጣልያንኛ ግን ጀምሯል። «ጋሼ፣ ግሱ እንደ ግዕዝ ይረባል እኮ!» አለኝ፤ ካልዕና ሣልሳይ እያለ ሊያወርድልኝ ሲል ካርዱ አለቀ።