ኤላይዛ፣ ማግፒክስ ወይስ ሉሚኔክስ 200? ጅማ ላይ ለሚገዛ ላብራቶሪ

ሦስቱም በደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን መለኪያ ናቸው፤ ኤላይዛ በአንድ ዌል (ናሙና የሚገባበት የፕሌት ጉድጓድ) አንድ ፕሮቲን፣ ሌሎቹ ብዙ ይለካሉ። ሻጭ መጀመሪያ የሚነግራችሁ መሣሪያው በአንድ ዌል ስንት ፕሮቲን እንደሚለካ ነው። እናንተ ስንቱን ትፈልጋላችሁ? ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ኤላይዛ ይበቃል፤ ማንበቢያው ርካሽ ነው፣ ሲበላሽም ጠጋኝ አይጠፋም።

አሥር ሳይቶካይን (የበሽታ መከላከያ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸው ፕሮቲኖች) ሲሆን ሒሳቡ ይገለበጣል። ኤላይዛ በአንድ ዌል ብዙውን ጊዜ 100 ማይክሮ ሊትር ይወስዳል፤ አሥሩን በሁለት ዌል ደግማችሁ ስትሠሩ ከአንድ ታካሚ 2 ሚሊ ሊትር ሴረም (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ይፈለጋል። ከጨቅላ ሕፃን ይህን መቅዳት የማይታሰብ ነው። ማግፒክስና ሉሚኔክስ 200 የሚያነቡት የቢድ ኪት (ፕሮቲን የሚይዙ ጥቃቅን ዶቃዎች ያሉበት) በብዛት በዌል ከ25 እስከ 50 ማይክሮ ሊትር ወስዶ አሥሩንም ይለካል። ግን ከ96ቱ ዌል 16ቱን ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ) እና ባዶ፣ 4ቱን የጥራት መቆጣጠሪያ ይይዛቸዋል፤ የሚተርፈው 76 ዌል፣ እያንዳንዱ ናሙና ሁለቴ ሲሠራ፣ ለ38 ታካሚ ነው። የተሟሟ ስታንዳርድ ስለማይቆይ 38 ናሙና ሳይሞላ ኪት መክፈት ገንዘብ መድፋት ነው።

ማግፒክስ ቢዶቹን በማግኔት ይዞ በኤልኢዲ መብራትና በካሜራ ያነባል፤ እስከ 50 ፕሮቲን ይለያል። ሉሚኔክስ 200 ሁለት ሌዘር አለው፤ በማግኔታዊ ቢድ እስከ 80፣ በማግኔት በማይያዘው እስከ 100 ይደርሳል። የኋለኛውን ዓይነት ኪት በፍሪጅ ያከማቸ ካለ ልብ ይበል፤ ማግፒክስ አያነበውም።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ማግፒክስን እንመርጣለን። የሉሚኔክስ 200 ሌዘር መብራት በመጣ ቁጥር 30 ደቂቃ መሞቅ አለበት፤ ኢንጂነሩም ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የሚደርሰው። የትኛውንም ብትገዙ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪ) ኮምፒውተሩንም ጨምሮ አንድ ሙሉ ፕሌት እስኪነበብ መቆየት አለበት። መሃል ላይ ከጠፋ የተመጠጠው ዌል አይመለስም።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የቢድ ቁጥር ማነስ ነው፤ ለአንዱ ፕሮቲን ከ50 በታች ከተቆጠረ ውጤቱን አትመኑት። ምክንያቱ ቢዱ በቮርቴክስ (ቱቦ መነቅነቂያ) በደንብ አለመበተኑ፣ ፕሌቱ ማግኔት ላይ አንድ ደቂቃ ሳይቆይ መደፋቱ፣ ወይም ቅባትና የረጋ ደም ቱቦውን መዝጋቱ ነው። ለመጨረሻው በ10,000 ጂ 10 ደቂቃ ሴንትሪፉጅ አድርጎ ከመሃል መውሰድ ይረዳል።

ሲአርፒንና ኢንተርሉኪን 6ን (ሁለቱም የብግነት ምልክት የሆኑ ፕሮቲኖች ናቸው) በአንድ ዌል የሚያስገባ ፓኔል አትግዙ። አንዱ በሚሊ ግራም፣ ሌላው በፒኮ ግራም (የሚሊ ግራም ቢሊዮንኛ) ስለሚገኝ ለሁለቱም የሚሆን አንድ የማቅጠን መጠን የለም።

«ለምርምር ብቻ» የተባለ ኪት ለሕክምና ውሳኔ አይሆንም። ለመተንፈሻ ኢንፌክሽን ጂንኤክስፐርት (ጀርሞችን በዘረመላቸው የሚለይ ማሽን) ካላችሁ ኮቪድን፣ ኢንፍሉዌንዛ ኤና ቢን፣ አርኤስቪን (ሌላ የመተንፈሻ ቫይረስ) በአንድ ካርትሬጅ የሚለይ አለ፤ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ሻጩ በእናንተው ሴረም ላይ የታወቀ መጠን ጨምሮ ይለካ። የሚገኘው ከተጨመረው ከ80 እስከ 120 በመቶ ካልሆነ ሌላ ማቅጠኛ ፈሳሽ ያምጣ።