በሐዋሳ የቀርከሃ ዕቃ መሥሪያ ያስዋበልን ሳሎን
ሐዋሳ የሚገኘውን ሳሎናችንን ባስዋበልን የቀርከሃ ዕቃ መሥሪያ ከልብ ተደስቻለሁ፤ ባለሙያው ዋጋ ከመናገሩ በፊት ቤታችን ድረስ መጥቶ ብርሃን በየት በኩል እንደሚገባ አይቷልና። ሐይቁ ከከተማዋ በስተምዕራብ ስለሆነ፣ ወደዚያ የሚያየው መስኮታችን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይበዛበታል፤ እሱም ከባዱን ቡናማ መጋረጃ አንሥተን በምትኩ ከስስ የቀርከሃ ስንጥር የተሠራ፣ ወደ ላይ የሚጠቀለል መጋረጃ እንድንሰቅል፣ ግድግዳውንም ክሬም ቀለም እንድናስቀባ መከረን። አሁን አሥር ሰዓት ላይ ብርሃኑ በስንጥሮቹ መካከል አልፎ ወለሉ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ሲጥል ማየት እጅግ ያስደስታል።

ቀርከሃ በሲዳማ ደጋማ አካባቢዎች በደንብ ይበቅላል። ሆኖም በውስጡ ያለው ስታርች ነቀዝን ስለሚስብ፣ በመድኃኒት ሳይነከር ለዕቃ ከዋለ ውሎ አድሮ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበሳሳና ዱቄት ማራገፍ ይጀምራል፤ ስለዚህ ማንኛውም ገዢ ዕቃው በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ድብልቅ መነከሩን አስቀድሞ እንዲጠይቅ አጥብቄ እመክራለሁ። እኛ ስንጠይቅ ወደ ጓሮ ወስደው የመንከሪያውን በርሜል አሳይተውናል።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ከአራቱ ወንበሮች የአንዱ እግር አጥሮ ይወዛወዝ ነበር፣ እሱን ለማስተካከልም ሦስት ሳምንት ፈጅተዋል፤ ለእንዲህ ያለ ቀላል ሥራ ይህ በጣም ረጅም ጊዜ ነው።

ከሁሉም ያስደሰተኝ ግን አዲስ ጌጥ እንድንገዛ ሳይገፋፋን፣ እናቴ የሰፋችውንና ለዓመታት ጓዳ የተቀመጠውን ባለቀይ ጥለት ሰፌድ አውጥቶ ከሶፋው በላይ መስቀሉ ነው።